ከሰልን እስከ ንጋት ማቆየት፦ የቋንጣ እሳትና የተዳፈነ ከሰል አደጋ

ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣ የሚደርሰው የእንቁጣጣሽ ቅርጫ ለቋንጣ አመቺ አይደለም። ፀሐይ ባልጠናበትና አየሩ እርጥበት ባልለቀቀበት ወቅት የተዘለዘለ ሥጋ በገመድ ላይ ብቻ ተሰቅሎ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅም ሊሸት ይችላል። በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ሌሊቱ ስለሚበርድ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል። መፍትሔው የቆየው የገጠር ልማድ ነው፤ ሥጋውን ጨው አስነክቶ ከምድጃ በላይ መስቀልና እሳቱን እስከ ንጋት ማቆየት።

የከሰልን ዕድሜ አስቀድሞ የሚወስነው የተከሰለው እንጨት ነው። የግራር ከሰል ከባድና ጠጣር በመሆኑ በዝግታ ይነድዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከሰሉ ቀለል ያለ ስለሆነ ፈጥኖ ያልቃል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች የሚያለሙት ዲከረንስም በ4 እና በ5 ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይዘልቃል። ገዢ የዛፉን ዓይነት ባያውቅ እንኳ ሁለት ከሰል አጋጭቶ ማዳመጥ ይችላል፤ በሚገባ የከሰለው እንደ ብረት ይጮኻል፣ በደንብ ያልከሰለው ደግሞ ሲነድ ይጨሳል። እርጥበት የነካው ከሰል ይንጣጣል፤ ሙቀቱም ደካማ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የአየር ጉዳይ ነው። ከሰል በተራገበ መጠን ይግላል፣ ያልቃልም። ሌሊቱን የሚያድር እሳት ሲታሰብ ትልልቅ ያልተቀጣጠሉ ከሰሎች ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ በአንድ ጎናቸው ጥቂት ፍም ይቀመጥና እሳቱ ቀስ በቀስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። ከላይ ስስ አመድ መነስነስና የምድጃውን የአየር በር ማጥበብ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ድቃቂ ከሰል ግን የአየሩን መተላለፊያ ስለሚደፍን ተነፍቶ መውጣት አለበት። ሸክላ የለበሰው ላቀች ምድጃ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ለዚህ ይስማማል።

ጭሱ ከከሰሉ አይጠበቅም። የደረቀ የወይራ ፍልጥ በየጊዜው በፍሙ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የነካው ጣውላ ግን ለምግብ አይሆንም። እሳቱ ከበረታ ሥጋው ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ቋንጣ ቆይቶ ይሻግታል። ስለዚህ ስስ ዘልዛላ፣ በቂ ጨውና የማያቋርጥ ለስላሳ ሙቀት ያስፈልጋል።

ትልቁ ችግር ግን ከሥጋው ጋር አይገናኝም። እሳቱን የሚያቆየው የአየር እጥረት ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያበዛዋል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የእንጨት ጭስ ዓይን አቃጥሎ ሰውን ያስወጣል፤ የተዳፈነ ከሰል ግን በዝምታ ይገድላል። «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» የሚለው ልማድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። መስኮትን ገርበብ ማድረግ ለሚተኛ ሰው በቂ ዋስትና አይሆንም። የቋንጣው እሳት ማደር ያለበት ሰው በማይተኛበት፣ አየር በሚገባበትና በሚወጣበት ማድቤት ወይም ዳስ ነው፤ ፍሙን ለመኝታ ቤት ማሞቂያ ማዋል አይገባም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲታመሙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሩ ወዲያው ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው፤ የተሻላቸው ቢመስልም ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋቸዋል። በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጥሪ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጠዋት አመዱ የበረደ ቢመስልም በውስጡ ረመጥ ሊኖር ስለሚችል ውኃ ሳይፈስበት በፕላስቲክ ዕቃ ወይም በደረቅ ቆሻሻ ላይ አይደፋም።