የልብ ሕሙማን ክትትል ክፍልና የነርሶች ሙያዊ ብቃት፦ ከ1960ዎቹ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶበት ሆስፒታል ለገባ ሰው የሚደረግለት ነገር ጥቂት ነበር። ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይነሣ ይታዘዛል፤ ለሥቃዩ ማስታገሻ ሞርፊን፣ ለትንፋሹ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ የቀረው ለዕድሉ የተተወ ነበር። በምዕራቡ ዓለም ሆስፒታሎች በዚህ ሕመም ከሚተኙት 100 ሰዎች 30 ያህሉ እዚያው ይሞቱ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹን በድንገት የሚገድላቸው የልብ ምት መዛባት ነው። የታችኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ ሲርገበገብ ደም መርጨቱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አንጎል ሳይጎዳ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

የሚያስቆጨው መድኃኒቱ በእጅ መኖሩ ነበር። ዶክተር ፖል ዞል በደረት ላይ በሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚርገበገብ ልብን ወደ ሥርዓቱ መመለስ እንደሚቻል በ1956 አሳይተዋል። በ1960 ደግሞ የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ኩቨንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር ደረት ሳይከፈት በእጅ በመጫን ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል አስታወቁ። (ኩቨንሆቨን ሐኪም ሳይሆኑ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ።) የጎደለው ጊዜ ነበር። ሕሙማኑ በየክፍሉ ተበታትነው ይተኛሉ፤ የአንዱ ልብ በሌሊት ቢቆም ነርሷ እስክታየው፣ ሐኪም እስኪጠራ፣ መሣሪያው እስኪመጣ ሁሉም ነገር አልፎ ይገኛል።

ዶክተር ዴዝመንድ ጁልየን በ1961 ከኤዲንብራ ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ክፍተት ለመዝጋት ያለመ ነበር። ሕሙማኑ በአንድ ክፍል ይሰብሰቡ፣ የልባቸው ምት ያለማቋረጥ በመሣሪያ ይታይ፣ የሠለጠነ ሰው አጠገባቸው ይሁን የሚል ነው። በግንቦት 1962 ዶክተር ሂዩዝ ዴይ በካንሳስ ሲቲ ቤታኒ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ክፍል ከፈቱ። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። በሌሊት መሣሪያው ሲጮህ እርምጃ የሚወስደው ማን ነው?

ለጥያቄው በድፍረት መልስ ከሰጡት መካከል የፊላደልፊያው ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ሐኪም ሎውረንስ ሜልትዘርና የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ ሮዝ ፒኒዮ ይገኙበታል። ሜልትዘር የክፍሉ ስኬት የሚወሰነው በነርሷ ብቃት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ሐኪም ሃያ አራት ሰዓት ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሊቆም አይችልም፤ ነርስ ግን ትቆማለች። ስለዚህም ነርሶቹ የኤሌክትሮካርዲዮግራም ንባብ እንዲማሩ፣ አደገኛውን ምት ሲያዩ ሐኪም ሳይጠብቁ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡ ተደረገ። ሁለቱ ከዶክተር ኪቸል ጋር ሆነው በ1965 ያሳተሙት መጽሐፍ ለነርሶች የተዘጋጀ መመሪያ መሆኑ አሳባቸውን በግልጽ ያሳያል።

ይህ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ራሱ በ1955 ባወጣው የሙያ ትርጓሜ በሽታን መመርመርና ሕክምና ማዘዝ ከነርስ ሥራ ውጭ መሆናቸውን አስፍሮ ነበር። በመስተዋቱ ላይ የሚርገበገበውን መስመር አይታ «ይህ ልብ ቆሟል» ብላ የምትወስን ነርስ ግን ምርመራ አድርጋለች፤ ንዝረቱን ስትሰጥም አክማለች። ብትጠብቅ በሽተኛው ይሞታል። ብትሳሳትስ? ከደረት ላይ የላላ ኤሌክትሮድ፣ ወይም ጥርሱን የሚቦርሽ በሽተኛ የእጅ እንቅስቃሴ በመስተዋቱ ላይ ገዳይ የሆነውን ምት የሚመስል መስመር ሊያወጣ ይችላል። መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ አይናገርም። ነርሷ ከመስተዋቱ ዐይኗን አንሥታ ወደ በሽተኛው ፊት መመልከት፣ የደም ሥሩን ምት መዳሰስ ይኖርባታል። ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት የሚቀድመው ይኸው የቆየ የነርስነት ልማድ ነበር።

በ1967 ዶክተር ኪሊፕና ዶክተር ኪምቦል በኒው ዮርክ 250 ሕሙማንን አስመልክተው ባወጡት ጽሑፍ ድንጋጤ ያልደረሰባቸው፣ ማለትም የደም ዝውውራቸው ያልወደቀ ሕሙማን የሞት መጠን በተራው ክፍል 26 በመቶ ሲሆን በክትትል ክፍሉ 7 በመቶ መሆኑን ገለጹ። ሕሙማኑ በዕጣ የተከፈሉ ስላልነበሩ ቁጥሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በየሆስፒታሉ የነበረውን ጥርጣሬ ለማስወገድ ግን በቂ ሆኗል።

ሕጉ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት የነርስነት ሕጉን አሻሽሎ ነርሶች ለጤና ችግሮች የሰው ልጅ የሚሰጠውን ምላሽ መርምረው እንደሚያክሙ የደነገገው በ1972 ነበር። የዚህ ዘርፍ ነርሶች በ1969 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል፤ በ1976ም ለጽኑ ሕሙማን ነርሶች የብቃት ማረጋገጫ ፈተና መሰጠት ጀመረ። ምስክር ወረቀቱ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል።

እድሳቱ ከንቱ ሥርዓት እንዳልሆነ የሊዶኬይን ታሪክ ያስረዳል። ይህ መድኃኒት የምት መዛባትን አስቀድሞ ይከላከላል ተብሎ በ1960ዎቹ ማብቂያ በክትትል ክፍሎቹ በስፋት ይሰጥ ነበር፤ ነርሶችም አሰጣጡን በሚገባ ተምረዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተደረጉ ትንታኔዎች መርገብገቡን ቢቀንስም የሞትን መጠን እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ሊጨምረው እንደሚችል ስላመለከቱ ለመከላከል ሲባል ለሁሉም መስጠቱ ቀረ።