የተማሪ ጽሑፍ ከመምህሩ ሌላ አንባቢ ሲያገኝ፦ የሀርጌሳ አየር ማረፊያ እንደ ምሳሌ

የሀርጌሳ አየር ማረፊያ የሚጠራው እ.አ.አ. በ2002 በሥልጣን ላይ እያሉ ባረፉት የሶማሌላንድ ፕሬዝዳንት በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ያርፍበታል። በ1988 ግን የሲያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ ሜዳ እየተነሱ አጠገቡ ያለችውን ከተማ በቦምብ ደብድበዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ የተሰደዱ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በሀርቲሼክ መጠለያ ኖረዋል።

የ13 ዓመት ተማሪ ይህን ታሪክ እንዴት ይማረው? አንዱ መንገድ ከመጽሐፍ ገልብጦ ለመምህሩ ማስረከብ ነው። ሌላው አያቱን ጠይቆ፣ የሰማውን አጣርቶ፣ ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ መጻፍ ነው።

አንባቢ ያለው ጽሑፍ

ሁለተኛው መንገድ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው መምህር ሴለስታን ፍሬኔ በ1920ዎቹ በገጠር ትምህርት ቤቱ ትንሽ ማተሚያ አስገብቶ፣ ተማሪዎቹ የጻፉትን ራሳቸው እያተሙ ከሌላ አካባቢ ተማሪዎች ጋር እንዲለዋወጡ አድርጓል። የሩቅ አንባቢ የጸሐፊውን መንደር ስለማያውቅ፣ ጽሑፉ ግልጽ መሆን ነበረበት።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ቅርብ የሆነው ሚኒ ሚዲያ ነው። ተማሪዎች በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ወይም በእረፍት ሰዓት ዜናና ግጥም ያቀርባሉ፤ በግድግዳ ላይም ጽሑፍ ይለጥፋሉ። 7ኛና 8ኛ ክፍልን ባካተተው የመካከለኛ ደረጃ ይህን ልማድ ከቋንቋና ከኅብረተሰብ ትምህርት ጋር ማያያዝ ይቻላል።

በሀርጌሳ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1972 በመሆኑ፣ ብዙ ትዝታ ከወረቀት ይልቅ በቃል ይኖራል። ከ2008 ጀምሮ የሚካሄደው የሀርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ለንባብና ለጽሑፍ መድረክ ሆኗል። ሆኖም የአረጋውያን ምስክርነት ከባለቤቶቹ ጋር እንዳይቀበር የሚጠይቅና የሚጽፍ ልጅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ

መምህሩ በመጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ቦታ ይመርጣል፤ አየር ማረፊያ፣ ገበያ ወይም ድልድይ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጥያቄ ያዘጋጃሉ። መልሱን ሲመዘግቡ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ይለያሉ፤ ዓመተ ምህረትና ስሞችን ከታተመ ምንጭ ጋር ያመሳክራሉ። ረቂቁን ጓደኛ አንብቦ ያልገባውን ያሰምርበታል፤ ጸሐፊው ያሻሽላል። የመጨረሻው ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣ፣ በትንሽ መጽሔት ወይም በኢንተርኔት ይወጣል። የአንባቢ አስተያየት ሲመጣ መልስ መስጠትም የትምህርቱ አካል ነው።

መምህሩ እያንዳንዱን የፊደል ስህተት በቀይ ቀለም ከሞላው፣ ተማሪው ከሐሳቡ ይልቅ ስህተትን መሸሽ ይማራል። በአንድ ረቂቅ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ላይ ማተኮር ይመረጣል።

ጥንቃቄ

ጽሑፉ ከክፍል ሲወጣ ኃላፊነቱም ይጨምራል። የተማሪው ሙሉ ስም፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ለሕዝብ መውጣት የለበትም፤ የወላጅ ፈቃድም ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ትምህርት ቤቶችም ሊያውቁት የሚገባ ሕግ ነው።

ምስክርነት የሚሰጡትም ሰዎች ጥበቃ ይሻሉ። ስለ 1988 ሲጠየቁ ዝም የሚሉ አያት ልጃቸውን አጥተው ይሆናል። ተማሪው ጥያቄውን ማቆም የሚገባው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መማር አለበት፤ የተጻፈውንም ከመታተሙ በፊት ለባለታሪኩ አንብቦ ማሰማት ይገባዋል። አያት «ይህን አውጣው» ካሉ፣ ይወጣል።