ሁለት አንባቢ በአንድ መጽሐፍ

የባሕር ዳር ሰው ነኝና ምሳሌዬን ከሐይቁ ላምጣ። በጣና ገዳማት፣ በክብራንም ሆነ በዑራ፣ ብራና ገልጦ ያየ ሰው ቀዩን ቀለም ይዘነጋዋል ብዬ አላስብም። በመጽሐፈ ቅዳሴ የካህኑ፣ የዲያቆኑና የሕዝቡ ተራ የሚለይበት መመሪያ በቀይ ይጻፋል፤ የሚባለው ግን በጥቁር ነው። ቀዩን አብሮ የሚያዜም ጀማሪ ቢገኝ መሳቂያ በሆነ ነበር።

ኮምፒውተርም ይህ ጥያቄ ገጥሞታል፤ ቀይ ቀለም ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ተባለ፤ ቅርፊት እንደ ማለት ነው። የቶምፕሰን ሼል የሚያነበው «መደበኛ ግብዓት» ከተባለ አንድ በር ነበር፤ ከበሩ ማዶ ብዙ ጊዜ ሰው ተቀምጦ ይጽፋል። ትእዛዞቹ በፋይል ተጽፈው ሲመጡም ቶምፕሰን ሌላ በር አልከፈተም፤ ፋይሉን እዚያው በር ላይ አቆመው።

የሚጥመውም የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው። ሼሉ የጠራው ፕሮግራም ያንኑ በር ይወርሳል፤ ንባቡ የደረሰበት ቦታም የጋራቸው ነው። ሼሉ የሌላውን ድርሻ አስቀድሞ እንዳይወስድ ፊደል በፊደል ያነብ ነበር (የዝግመቱን ነገር ተዉት)። «ኤድ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ሲጠራ ቀጣዮቹ መስመሮች የእርሱ ይሆናሉ፤ ሲጨርስ ሼሉ ከቆመበት ይቀጥላል። ግብዓት የሚሻ ሌላ ፕሮግራም ሳይታሰብ መካከል ከገባ ግን የቀሩትን ትእዛዞች እንደ ተራ ጽሑፍ ይበላቸዋል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ «ጎቱ» ነው። ወደ ሌላ መስመር የሚያዘልለው ይህ ትእዛዝ የሼሉ አካል አልነበረም፤ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ፋይሉን ከመነሻው ይፈትሻል፤ የተባለውን ምልክት ሲያገኝ የጋራውን የንባብ ቦታ እዚያ ትቶ ይሞታል። ሼሉም ምንም ሳያውቅ ከዚያ ያነባል። መሪጌታው ዘወር ሲሉ የመጽሐፉን ገጽ የሚገለብጥ ተማሪ በሉት!

እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው ዩኒክስ ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ስክሪፕቱን በሌላ በር ማንበብ ጀመረ፤ መደበኛው ግብዓት ለባለቤቱ ተመለሰ። በስክሪፕቱ ውስጥ ለሌላ ፕሮግራም የሚቀርብ ጽሑፍም ጸሐፊው ራሱ በመረጠው የመዝጊያ ቃል ተከለለ። ቀዩ ቀለም መጣ እንበል።

የቀድሞው ጠባይ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የኮምፒውተሮችን ስም ከመደበኛ ግብዓት መስመር በመስመር እያነበበ በ«ኤስኤስኤች» የሚያገናኝ ስክሪፕት ጻፉ፤ ካልተጠነቀቃችሁ ኤስኤስኤች የቀረውን ዝርዝር ጠጥቶ ሥራው በመጀመሪያው ስም ላይ ያበቃል።