ከሰሉን የተከራየ ጋዙን አልተከራየም

አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለን ሐበሾች ስለ ተራሮቹ ስናወራ በረዶውንና የመንገዱን ክፋት እንጂ ከሥራቸው ያለውን አናነሳም። እኔ በጭነት መኪና ሥራዬ በመንገድ 133 ስመላለስ ሶመርሴትን አወቅኋት፤ ወንዙን ተከትላ በሸለቆ ውስጥ የተወሸቀች የከሰል መንደር። ታሪኳን እንዳነብ ያደረገኝ ግን ከሰሉ ሳይሆን አብሮት የሚወጣው ጋዝ ነው።

ጋዙ ሚቴን ይባላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በ1812 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በሰሜን እንግሊዝ በፌሊንግ የከሰል ማውጫ የደረሰው ፍንዳታ 92 ሰው ፈጀ፤ ከሟቾቹ መካከል ልጆችም ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በደቃቅ የሽቦ ወንፊት የከለለ ፋኖስ ሠራ። ሠራተኛው የፋኖሱን ነበልባል ዝቅ አድርጎ ያያል፤ ከነበልባሉ አናት ላይ ሐመር ሰማያዊ ቆብ ከታየው ጋዝ አለ ማለት ነው፣ ይወጣል። ባለቤቶቹስ? ፋኖሱን ተማምነው ጋዝ ስለበዛበት የተተወውን ዋሻ ሁሉ መልሰው አስቆፈሩ፤ ሞቱም ቀጠለ። ጋዙን በቧንቧ በሰፊው መሳብ የተጀመረው ገና በ1943፣ በጀርመን ሩር፣ ማንስፌልድ በተባለ ማውጫ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተቀየረ፤ የተሳበው ጋዝ የት ይሂድ? በሶመርሴት አጠገብ ያለው ዌስት ኤልክ ማውጫ ከላይ ከደኑ ቁልቁል የጋዝ ጉድጓዶች ለመቆፈር ሲጠይቅ የአሜሪካ ደን አገልግሎት በ2007 አማራጮቹን መዘነ፤ ይለቀቅ፣ ይቃጠል ወይስ ተይዞ ሥራ ላይ ይዋል? ማቃጠሉ ላይ እሳቱ ተመልሶ ወደ ማውጫው ይገባል የሚል ስጋት ተነሳ። መያዙን ደግሞ ወረቀት አሰረው፤ ማውጫው የተከራየው ከሰሉን ብቻ ነበርና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999፣ በነዳጅ ኩባንያው አሞኮና በነባር አሜሪካውያኑ የሳዘርን ዩት ጎሳ ክርክር፣ የከሰል መብት ጋዙን አይጨምርም ብሎ ፈርዶ ነበር። በሬውን የገዛ ቀንዱን አልገዛም እንደማለት ነው። እናም ጋዙ ወደ ሰማይ እንዲለቀቅ ተፈቀደ።

በ20 ዓመት ሲሰላ ሚቴን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ይከፋል። አንድ ቶኑ ሲቃጠል የሚወጣው ግን 2.75 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው። ይህ ሒሳብ እያለ መልቀቅን መምረጥ፣ ለእኔ፣ ሕግን ከለላ ያደረገ ስንፍና ነው።

ምክንያቱም እዚያው ሸለቆ ውስጥ ሌላ ነገር ተሠርቷል። በኤልክ ክሪክ ማውጫ፣ በ2012፣ በዚሁ ጋዝ የሚሠራ 3 ሜጋዋት የመብራት ማመንጫ ተተከለ፤ የገንዘቡን ትልቁን ድርሻ ያወጣው የአስፐን የበረዶ ሸርተቴ ኩባንያ ነው። ማውጫው ከሰል ማውጣት ካቆመ በኋላም ጄኔሬተሮቹ ለዓመታት ሠርተዋል፤ ጋዙ አልቆመምና።