ታጥቦ የሚያገለግለው ሞዴስ

በእኛ የተማሪነት ዘመን የወር አበባ ሲመጣ አሮጌ ነጠላ ቀደን እናጥፍ ነበር፤ እሱም ከተገኘ።

የኬሚካል መሐንዲሷ ፍሬወይኒ መብራህቱ አሜሪካ ተምራ ስትመለስ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ሠራች። የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. መቀሌ ላይ በልጇ ስም የተሰየመውን የማርያም ሳባ ፋብሪካ ከፈተች። አብዛኛውን ምርት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች እየገዙ በነጻ ያድላሉ። በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

እኔን የገረመኝ ግን ከዕደላው ጋር የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ወንዶቹም አብረው ይማራሉ። ድሮ ቀሚሷን ደም በነካባት ልጅ ላይ የሚስቁት እነሱ አልነበሩ?

ባለፈው መዋጮ የገዛነው የሚጣል ሞዴስ ሁለት ወር አልዘለቀም። ዘንድሮ የሚታጠበውን እንግዛ ባይ ነኝ፤ አስቀድመን ግን ልጆቹ ውሃና ሳሙና ያገኙ እንደሆነ እንጠይቅ።