ምስል ከቁሱ ሲወለድ፦ ስለ ስቶፕ ሞሽን አኒሜሽን ታሪክ ለሻሸመኔ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር



እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የአኒሜሽን ባለሙያ አይደለሁም። ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ እዚሁ ሻሸመኔ የሁለት ደቂቃ ስቶፕ ሞሽን ፊልም ለመሥራት የተነሡ ጥቂት ተማሪዎች ምክር ስለ ጠየቁኝ ነው። ስቶፕ ሞሽን ግዑዝን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ፣ በየእንቅስቃሴው ፎቶግራፍ እያነሡ፣ ምስሎቹን በማከታተል ነፍስ የዘራ ማስመሰል ነው። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶግራፍ ቢበቃ እንኳ ለሁለት ደቂቃ 1,440 ያስፈልጋል።

ተማሪዎቹ ያሳዩኝ የመጀመሪያ ንድፍ የውጭ አገር ፊልሞችን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ነበረ። «መምህር፣ መሣሪያ ስለሌለን እንደነሱ አያምርልንም» አሉኝ። እኔም «ታገሡ፤ መሣሪያ ሲገኝ ትሠሩታላችሁ» ብዬ አሰናበትኳቸው። ዛሬ የቆምኩት ያን ምክሬን ለማረም ነው።

ታሪክ የሚያስተምረን ሌላ ነውና። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ለሕዝብ ያቀረበችውን «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» የሠራችው በመቀስ ከቆረጠችው ካርቶን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ጥቁር ጥላዎች ስለሆኑ ደስታና ሐዘናቸውን በፊታቸው ማሳየት አይችሉም፤ ስለዚህ እጅና አንገታቸው እንዲናገር አደረገች። የአሠራሯ ውበት የተገኘው ከዚሁ እጥረት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ የሚኖረውን ሠዓሊ ዕዝራ ውቤን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሠራው «ሒሳብ» መነሻ የሆነው ሁላችንም የምናውቀው ተረት ነው፤ አህያ የታክሲ ሒሳቧን ከፍላለችና መኪና ሲመጣ ንቅንቅ አትልም፣ ፍየል ሳትከፍል ወርዳለችና ትሸሻለች፣ ውሻ ግን መልሱን አልተቀበለምና መኪናውን ያሳድዳል። ዕዝራ ይህን የሣለው በአንድ ሸራ ላይ ነው። ሥሎ ፎቶ ያነሣል፤ በላዩ ደግሞ ይሥላል። አዲሱ ምስል የሚወለደው አሮጌውን ሸፍኖ ነው። ለታሪክ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከተማም የሚያድገው በራሱ ላይ እየተደረበ ነው።

ታዲያ የእኛ ሸራ ምንድን ነው? በዚህችው ከተማ፣ በራስታፈሪያን ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሠዓሊው ኃይሉ ተፈሪ ከደረቅ የሙዝ ቅጠል ሥዕል ሲሠራ ኖሯል። ቀለም አይቀባም፤ ቡናማውንም ወርቃማውንም የሚያገኘው ከቅጠሉ ነው። ተማሪዎቹን እንደገና ጠርቼ ይህን ነገርኳቸው፤ ምክሬንም በሦስት ነጥብ ቀየርኩት። አንደኛ፣ ሐሳቡን ከምታውቁት ጀምሩ፤ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሌና ወደ ወላይታ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ታሪክ አያጣትም። ሁለተኛ፣ ንድፉን ከማጽደቃችሁ በፊት ቁሱን ፈትኑት፤ 24 ፎቶግራፍ ብቻ አንሥታችሁ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር እዩ። ሦስተኛ፣ ስልኩን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ መስኮቱንም ሸፍኑና በአንድ አምፖል ሥሩ፤ ፀሐይ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላልና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት ሰከንድ ይዘው መጡ። ከቅጠል የተሠሩ አንዲት አሮጊት አውቶቡስ ለመሳፈር ይራመዳሉ። ቅጠሉ ጉልበታቸው ላይ ተሰንጥቋል። ልጆቹ መጀመሪያ ሊጥሉት አስበው ነበር፤ ኋላ ግን ምርኩዝ አስያዟቸው። እያነከሱ ሲሄዱ ሳይ የሚያነክሱት የእኔ አያት መሰሉኝ።

የፊልሙ መልክ የተገኘው እዚያ ስንጥቅ ላይ ነው። መሣሪያው እስኪመጣ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ እኚያ አሮጊት አይወለዱም ነበር። ለዚህ ነው «ታገሡ» ያልኩትን ቃሌን በፊታችሁ የማነሣው።