ቴሌቪዥን ያባረራቸው፣ መድረክ ያስጠጋቸው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1983 የአሜሪካ ሕፃናት የሚወዱት «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት በልጆች ፕሮግራም እምብዛም ያልተደፈረ ነገር አደረገ። ስለ ሞት ተናገረ። ቢግ በርድ የሚባለው ግዙፍ ቢጫ ወፍ የሰፈሩን ሰዎች መልክ በእጁ ሥሎ ለየባለቤቱ ካደለ በኋላ የባለሱቁን የሚስተር ሁፐርን ሥዕል ይዞ ይቀራል። ሲመለስ እሰጠዋለሁ ይላል። ጎረቤቶቹም ሚስተር ሁፐር መሞቱን፣ የሞተ ሰው ደግሞ እንደማይመለስ እንባ እየተናነቃቸው ያስረዱታል። ባለሱቁን ከ1969 ጀምሮ የተጫወተው ዊል ሊ ዲሴምበር 1982 ላይ አርፎ ነበር። አዘጋጆቹ በሌላ ተዋናይ ሊተኩት ወይም ሩቅ አገር ሄደ ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ ለልጆቹ እውነቱን መንገር መረጡ።

ያን ቀን ያዘኑት ልጆች ግን ሊያውቁት የማይችሉት ነገር ነበር። ያ ሽርጡን ታጥቆ ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆም ደግ ሽማግሌ ከሠላሳ ዓመት በፊት በስክሪን እንዳይታዩ ከተከለከሉት ተዋንያን አንዱ ነበር። ዊል ሊ በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በታወቀው «ግሩፕ ቲያትር» ያደገ የመድረክ ሰው ነው። በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ ሰዎች ሥራ እንዳያገኙ በታገዱበት በጥቁር መዝገብ ዘመን ስሙ ከተበላሸ በኋላ ካሜራው ፊቱን አዞረበት፤ ትወና እያስተማረና መድረክ ላይ እየሠራ ያን ዘመን አለፈው።

እንደ ዊል ሊ ያሉ ተዋንያን በአሜሪካ ቲያትርና ቴሌቪዥን የተለየ ቦታ አላቸው። ፖስተር ላይ ስማቸው በትልቁ አይጻፍም። አባትየውን፣ ጎረቤቱን፣ ዳኛውን፣ ባለሱቁን፣ ነገረኛውን አጎት የሚጫወቱ ናቸው። ተመልካች ፊታቸውን ከሩቅ ይለያል፣ ስማቸውን ግን አይጠራም። ከ1950 እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ የደረሰባቸውን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ተዋናዩ ያው፣ ከተማው ያው፣ ክሱም ያው ሆኖ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ከስቱዲዮ የተባረረ ሰው ማታ ከዚያ ጥቂት መንገዶች አልፎ ባለው ቲያትር ቤት ሲጨበጨብለት ያመሽ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ዝግጅት ጌታ አስተዋዋቂው ነበር። አንድ ቡና ወይም ሳሙና አምራች ኩባንያ ዝግጅቱን በሙሉ ይገዛል፤ የማስታወቂያ ድርጅቱም በኩባንያው ስም ተዋናይ ይመርጣል፣ ይጥላል። ጁን 1950 «ሬድ ቻነልስ» የተባለ ትንሽ መጽሐፍ ኒው ዮርክ ውስጥ ታተመ። አሳታሚዎቹ ቀድሞ የኤፍቢአይ ባልደረቦች የነበሩ ሰዎች ናቸው። በውስጡ የ151 ደራስያን፣ ሙዚቀኞች፣ ጋዜጠኞችና ተዋንያን ስም ተዘርዝሯል፤ ከየስሙ ሥር የፈረሙት አቤቱታ፣ የተገኙበት ስብሰባ፣ ያዋጡለት የእርዳታ ኮሚቴ ሰፍሯል። ኮሚኒስት ናቸው ብሎ በቀጥታ አይከስም። መጠርጠራቸው ብቻ በቂ ነበር፤ ማንም አስተዋዋቂ ምርቱ ከጥርጣሬ ጋር እንዲነሳ አይፈልግምና።

ሲራኪዩዝ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ሎረንስ ጆንሰን የሚባል የሱፐርማርኬቶች ባለቤት ነበር። ስማቸው የተነሳ ተዋንያን በቴሌቪዥን ባየ ቁጥር ለአስተዋዋቂው ኩባንያ ይጽፋል፤ ተዋናዩ ካልተባረረ በመደርደሪያዬ ላይ ከምርታችሁ አጠገብ ማስታወቂያ ለጥፌ ደንበኞቼ ኮሚኒስት ከሚቀጥር ኩባንያ ይገዙ እንደሆነ እጠይቃለሁ ይላል። አንድ ነጋዴ ከአንዲት ከተማ ተነስቶ የአገሪቱን ታላላቅ ጣቢያዎች ማንበርከክ ቻለ። የሚሸጠው ዕቃ የእነሱን ደመወዝ የሚከፍለው ዕቃ ነበር።

ብሮድዌይ ላይ ግን አስተዋዋቂ አልነበረም። ተውኔቱን የሚደግፉት ገንዘብ ያወጡ ባለሀብቶችና ትኬት የሚቆርጠው ሕዝብ ናቸው። የመድረክ ተዋንያን ማኅበሩ «አክተርስ ኢኩዊቲ»ም በ1951 ጥቁር መዝገብን በግልጽ አወገዘ። የስክሪን ማኅበራቱ በአመዛኙ አንገታቸውን በደፉበት ጊዜ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ማኅበሩን ለዚያ ውሳኔ ካነሳሱት ጉዳዮች ዋነኛው የፊሊፕ ሎብ ነው። ሎብ በ1891 የተወለደ ነባር የመድረክ ተዋናይ፣ የትወና መምህርና ለተዋንያን መብት የሚሟገት የማኅበሩ ሰው ነበር። በ1949 ቴሌቪዥን ላይ በጀመረው «ዘ ጎልድበርግስ» በተባለው የቤተሰብ ድራማ አባወራውን ጄክን ይጫወታል። ደራሲዋም መሪ ተዋናይዋም ጌርትሩድ በርግ ናት። ስሙ በ«ሬድ ቻነልስ» ሲወጣ አስተዋዋቂው ጄኔራል ፉድስ ሎብ እንዲባረር ጠየቀ። በርግ እምቢ አለች፣ ለወራትም ታገለች። በ1951 አስተዋዋቂው ሄደ፤ ሲቢኤስም ዝግጅቱን ጣለው። በ1952 በኤንቢሲ ተመልሶ ሲጀምር ጄክን የሚጫወተው ሌላ ሰው ነበር። በርግን ለመውቀስ እጄ አይነሳም። ከሥሯ ብዙ ሠራተኞች እንጀራ የሚበሉባት ሴት ነበረች፤ አብዛኞቹ ለቀናት እንኳ ያልታገሉትን ለወራት ታግላለች።

ሎብ ኮሚኒስት አይደለሁም ብሎ ደጋግሞ ተናግሯል። መድረክ ላይ አልፎ አልፎ ሥራ አግኝቷል፤ ነገር ግን የአእምሮ ሕመምተኛ ልጁን የሚያሳክመው በቴሌቪዥኑ ደመወዝ ነበርና የመድረኩ ገቢ አልበቃውም። ለጊዜው በወዳጁ በዚሮ ሞስቴል ቤት ተጠግቶ ኖረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1955 በኒው ዮርክ ሆቴል ታፍት ክፍል ተከራይቶ የእንቅልፍ ኪኒን በብዛት በመዋጥ ሕይወቱን አጠፋ። መድረክ ለብዙዎች መጠጊያ ሆኗል ስል ያልደረሰለትም ሰው እንደነበረ መርሳት አልፈልግም። እንደዚሁ ከሥራ የታገደው ጥቁሩ ተዋናይ ካናዳ ሊም ስሙ ሳይታደስለት በ1952 ገና በ45 ዓመቱ ሞቷል።

ሎብን ያስጠጋው ዚሮ ሞስቴል ራሱ በጥቁር መዝገብ ውስጥ ነበር። ወፍራም፣ ዓይነ ፈጣጣ፣ ሠዓሊም ኮሜዲያንም የሆነ ሰው ነው። ኦክቶበር 1955 ላይ በተወካዮች ምክር ቤት የፀረ-አሜሪካ ድርጊቶች መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ኮሚኒስት ናቸው ብሎ የሌሎችን ስም አልጠራም አለ። ሥዕሉን እየሣለ ችግሩን ተቋቋመ። በ1958 ከብሮድዌይ ውጭ በአንዲት አነስተኛ ቲያትር ቤት «ዩሊሲስ ኢን ናይትታውን» በተባለው ተውኔት ሲሠራ ተቺዎች ተደነቁ፤ ክፍያው ግን ትንሽ ነበር። በ1960 አውቶቡስ ገጭቶት ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ ሲሉ አሻፈረኝ ብሎ ወራት ሆስፒታል ተኛ። በዓመቱ «ራይኖሰረስ» በተባለው ተውኔት የቶኒ ሽልማትን ወሰደ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ግን ከዚያ ዘመን ታሪኮች ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። በ1962 ሞስቴልና ጃክ ጊልፎርድ በአንድ የሙዚቃ ኮሜዲ ተገናኙ፤ ርዕሱ ረጅም ነውና ሰዎች በአጭሩ «ፎረም» ይሉታል። ጊልፎርድ ቀጭን፣ ለስላሳ ፊት ያለው ቀልደኛ ነው። እሱም ሚስቱ ማደሊን ሊም በጥቁር መዝገብ ተመትተዋል። ትርኢቱ ኒው ዮርክ ከመድረሱ በፊት ዋሺንግተን ላይ ሲሞከር ተመልካች ሊስቅ አልቻለም። አዘጋጁ ሃሮልድ ፕሪንስ የሚያድነን ጄሮም ሮቢንስ ብቻ ነው አለ። ሮቢንስ የዘመኑ ታላቅ የመድረክ ዳንስ ቀማሪ ነው፤ በ1953 ግን በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የስምንት ሰዎችን ስም ሰጥቷል። ከስምንቱ አንዷ ማደሊን ሊ ነበረች።

ፕሪንስ ፈራ ተባ እያለ ሞስቴልን ጠየቀው። ሞስቴል ከእሱ ጋር ገበታ እንድቀርብ አታስገድዱኝ እንጂ ሥራውን ይሥራ፣ በእኛ ወገን ሰው በጥቁር መዝገብ አይያዝም የሚል መልስ ሰጠ። ጊልፎርድ ትርኢቱን ትቶ ለመሄድ አስቦ ለሚስቱ ደወለ። በሮቢንስ የተጠቆመችው እሷ ራሷ፣ ራስህን በራስህ እጅ ከሥራ አታግድ፣ ቆይና ሥራ አለችው። ሮቢንስ መጣ፤ መክፈቻው በአዲስ ዘፈን እንዲተካ አደረገና አዲሱን መክፈቻ ቀመረው። ትርኢቱ ኒው ዮርክ ሲገባ ታላቅ ስኬት ሆነ፤ ሞስቴልም ሁለተኛ ቶኒውን ወሰደ። ሞስቴልና ሮቢንስ በ1964 «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» የተባለውን የሙዚቃ ተውኔት ለመሥራት እንደገና ተገናኙ። ሞስቴል ዋናውን ገጸ ባሕርይ ቴቪዬን የተጫወተበት መንገድ ዛሬም ድረስ ሚናው የሚለካበት ነው። ሥራን ከቂም ለይተው ያዩ እነዚህ ሰዎች ከሳሾቻቸው ያልነበራቸው ትልቅነት ነበራቸው።

ሁሉም ግን አልቻለም። «የሻጩ ሞት» የተባለው ተውኔት በ1949 ሲከፈት ዊሊ ሎማንን የተጫወተው ሊ ጄ. ኮብ ሁለት ዓመት ያህል ተቋቁሞ በ1953 ስሞችን ሰጠ። ሥራ አጥቶ፣ ተበድሮ፣ ሚስቱም በሕመም ተጎድታ ነበር። ቀጥሎ «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» እና «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» በተባሉት ፊልሞች ላይ ድንቅ ሥራ ሠርቷል። ከምቾት ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።

ሌሎቹ እንጀራቸውን ያገኙበት መንገድ የየራሱ ነበር። ሞሪስ ካርኖቭስኪ በኮነቲከቷ ስትራትፎርድ የሼክስፒር መድረክ ላይ ሻይሎክንና ንጉሥ ሊርን ሠርቶ ከአገሪቱ ታላላቅ ክላሲክ ተዋንያን ተቆጠረ። ጄፍ ኮሪ ትወና አስተማሪ ሆነ፤ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ጃክ ኒኮልሰን ነው። በዕፀዋት ጥናት የተመረቀው ዊል ጊር በካሊፎርኒያ ቶፓንጋ ሸለቆ መሬት ይዞ አትክልት እያመረተ ሸጠ፣ ሥራ ላጡ ባልደረቦቹም እዚያው ከዛፍ ሥር የሚጫወቱበትን መድረክ አዘጋጀ። በኋላ «ዘ ዎልተንስ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ አያትየውን ሆኖ በ1975 የኤሚ ሽልማት ወሰደ። አሜሪካ እንደ ገዛ አያቷ የወደደችው ሽማግሌ፣ አገር አይወድም ተብሎ የተባረረው ያው ሰው ነበር። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በዚያው በመሠረተው ቲያትር ግቢ ተቀብሯል፤ ቲያትሩን ልጆቹ እስከ ዘመናችን አድርሰውታል።

መዝገቡ የተሰበረው በፍርድ ቤት ነው። ጆን ሄንሪ ፎክ የተባለ የሬዲዮ አቅራቢ ከሥራ ያስባረሩትን ሰዎች ከሰሰ። በችሎቱ አዘጋጁ ዴቪድ ሰስካይንድ ምስክርነት ሰጠ፤ የእያንዳንዱን ተዋናይ ስም ለማጣራት አስቀድሞ ይልክ እንደነበር፣ ምክንያት ግን ፈጽሞ እንደማይነገረው አስረዳ። አባቷ ስለተጠረጠረ ብቻ የስምንት ዓመት ልጅ እንኳ አትሠራም ተብላለች። ጁን 1962 ላይ ዳኞቹ ለፎክ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ገንዘቡ በይግባኝ በእጅጉ ተቀነሰ፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በሰው ስም መነገድ የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ።

ከዚያም ፊቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። በ1966 የወጣው «ሰከንድስ» የተባለው ፊልም ጆን ራንዶልፍን፣ ዊል ጊርን እና ጄፍ ኮሪን በአንድ ላይ አሰልፏል፤ ሦስቱም በጥቁር መዝገብ የነበሩ ናቸው። ራንዶልፍ በ1987 «ብሮድዌይ ባውንድ» በተሰኘው ተውኔት ሶሻሊስቱን አያት ተጫውቶ ቶኒ ሲሸለም ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ማንም የጠፋውን ዓመት አልመለሰላቸውም። አንድ ተዋናይ ከሠላሳ አምስት እስከ ሃምሳ ዓመቱ ሊጫወት የሚችላቸው ሚናዎች በሰባ ዓመቱ አይገኙም። በእኔ እምነት ከሁሉ የከበደው ጉዳት ይህ ነው።

ይህን ታሪክ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አንባቢ በ1976 የተሠራውን «ዘ ፍሮንት» የተባለ ፊልም ይፈልግ። ዳይሬክተሩ ማርቲን ሪት፣ ደራሲው ዋልተር በርንስታይን ሁለቱም በጥቁር መዝገብ የነበሩ ናቸው። ዚሮ ሞስቴል በወዳጁ በፊሊፕ ሎብ አሟሟት ላይ የተመሠረተ ኮሜዲያን ሆኖ ይጫወታል፤ ፊልሙ ከወጣ በኋላ የኖረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ፊልሙ አለቀ ብላችሁ አትነሱ። የሠሪዎቹ ዝርዝር ሲወጣ በሪት፣ በበርንስታይን፣ በሞስቴልና በሌሎቹም ስም አጠገብ በጥቁር መዝገብ የገቡበት ዓመት ተጽፏል።